የሌለችው ግመል ፍርድ

ባለፈው ጥቅምት ሰመራ ሰነበትኩ። የልጄ ልጅ ማሕሌት ሕግና ሃይማኖትን በአንድ ዲግሪ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይዛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ሽማግሌና ቃዲ እያነጋገረች ነው። በስልክ «አባባ፣ ሁለቱን አጣምረን የምንማር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን እኮ» ስትለኝ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኳት። ጉልበቴም ሐኪሜም እሺ አይሉም ነበር፤ ቢሆንም ጓዜን ሸክፌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ልጅ ልጠይቅ ነው» ካለ ማንም አይከለክለውም።

ሰመራ መንገዷ ሰፊ፣ ሕንፃዋ አዲስ ነው፤ ነፋሷ ግን የድሮው ነው። በእኛ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ከተማ አልነበረም፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ከማሕሌት ጋር አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ነጭ ሽርጥ ያገለደመ፣ በእጁ ትልቅ ስልክ የያዘ አርባ ዓመት የሚሆነው የአፋር ሰው አጠገባችን ተቀመጠ። «አባባ፣ ከየት መጣህ?» አለኝ። ከአዲስ አበባ አልኩት። «አገሩን ታውቀዋለህ?» አለኝ። ወጣት ሳለሁ አዋሽ እንደነበርኩ፣ ሕግና ሃይማኖት እማር እንደነበር፣ ሰው ጥያቄ እየጠየቅኩ እዞር እንደነበር ነገርኩት። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠና አፍጥጦ አየኝ። «የሌለችው ግመል ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?» አለ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩት። «አያቴ ነግሮኛል። ነጭ ነበረች። እርጉዝ። የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ» አለና ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ጓደኞቹን በአፋርኛ ጠራቸው። መጥተው አንድ በአንድ ጨበጡኝ፤ ሳቁ በረንዳውን ሞላው። ማሕሌት አፏን ከፍታ ታየኛለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ነገር እንዲህ ከነጆሮው ሲመጣ ደስታው አናቴ ላይ ወጣ፤ ሻዩን ለሁሉም እኔ ጋበዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከልጅነቴ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበርኩ። ደሴ አጠገብ ዲቁና ተቀብዬ፣ ኋላ ዘመናዊውን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ገባሁ። ያ ጊዜ አዲሱ ፍትሐ ብሔር ወጥቶ፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ስለ አንቀጽ የሚወራበት ጊዜ ነበር። ሕግም አማረኝ። አንዱን ትተህ አንዱን ያዝ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ግትር ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። ሁለቱ ኮሌጆች በከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው። ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው፣ በመሀል የአውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም። ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሰዓት ክራቫቴን ከኪሴ አውጥቼ አስራለሁ። ክራቫቷ አንድ ብቻ ነበረች፤ ቡናማ፣ ከመርካቶ በብር ከሃምሳ የተገዛች።

ሁለት መምህር ነበረኝ። የሕጉ ረጅም ፈረንጅ ነው፤ ሚስተር እንለዋለን። የሃይማኖቱ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ መነኩሴ ናቸው፤ የኔታ እንላቸዋለን። ሚስተር ሲያስተምር ሁልጊዜ «እንበልና» ብሎ ነው የሚጀምር። እንበልና አንድ ሰው የጎረቤቱን አጥር አፈረሰ፣ እንበልና ድልድዩ ተሰበረ። ተማሪው ዝርዝር ሲጠይቀው ደስ ይለዋል፤ ወዲያው አጥሩን ከምን እንደተሠራ፣ ጎረቤቱ ስንት ልጅ እንዳለው ይፈጥርለታል። የኔታ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጨማደድ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በብዙ ልመና ተገናኝተው፣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሁለቱም እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። አንዱ አልፈርምም ካለ ግን ሁለቱም ዲግሪ የለም። ርዕሴ ሦስት ዓይነት ዳኛ ባለበት አገር ሰው ወዴት ይከሳል የሚል ነበር። ለዚህ ደግሞ ከአዋሽ የተሻለ ቦታ የት አለ። የመንግሥት ፍርድ ቤት አለ፣ ቃዲ አለ፣ መድዓ የሚሉት የአፋሮቹ የአገር ሕግ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲሱ የጥጥ እርሻ ግጦሹ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ዳኛ ሥራ አብዝቶበታል።

አዋሽ ጣቢያ ያኔ ዓለም የሚወርድባት ነበረች። ባቡሩ ሲቆም መጀመሪያ ሙቀቱ ይሳፈራል፣ ቀጥሎ ሻጮቹ በመስኮት። ቡፌ የሚሉት የጣቢያው ምግብ ቤት ውስጥ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ማካሮኒ በስጎ፣ ማራገቢያ ከጣሪያ፤ በረንዳው ላይ ሐምራዊ አበባ። የእኔ አቅም ውጭ ቆሞ በሃያ አምስት ሳንቲም ሐብሐብ መግዛት ነበር፤ ያውም ሙሉውን፣ ተሸክሜው ለመሄድ እስኪከብደኝ። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ በወተት ሲሆን አሥር። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወላይታ፣ ከሐረር ለጥጥ የመጣው ሕዝብ እሑድ እሑድ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ በሐዲዱ ዳር ይንሸራሸራል። ትራንዚስተር ራዲዮ ያለው ሰው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲያልፍ፣ ኋላው አሥር ሰው ዘፈኑን ተከትሎ ይሄድ ነበር። እኔ ቤልቦቶም ሱሪና ናይለን ሸሚዝ ለብሼ ነው የወረድኩት። አምሮብኛል ብዬ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዙ ከቆዳዬ ጋር ተሰፋ።

ያረፍኩት ጋሽ ሰይድ ቤት ነው። የወሎ ሰው፣ የባቡሩ ሐዲድ ሠራተኛ፣ ቆብ ሳያደርግ ከደጅ የማይወጣ። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ እንዳየችኝ ሳቀች። «ዩሱፍ፣ ይኼን ሸሚዝ አውልቀው ልጄ፤ ወላሂ ያበስልሃል» ብላ የባሏን ሽርጥ ሰጠችኝ። ስሜ ዮሴፍ ነው፤ እሷ ቤት ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ዩሱፍ ነበርኩ። እኔ ረቡዕና ዓርብ ስጾም ሽሮዬን ለብቻ ትሠራልኛለች፤ እነሱ ሲሰግዱ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ዶሮዎቹን አባርራለሁ። ታናሽ ወንድሟ ይማም የጥጡ እርሻ ዘበኛ ነው፤ ቀጭን፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ጠመንጃውን ካነገበ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ተኩሶ የማያውቅ። ማታ ማታ እየመጣ አብሮን ይበላል።

አስተርጓሚዬ ሁመድ ይባላል። አማርኛውን ባቲ ገበያ ነው የለመደው። ነገር አያበዛም፤ ያለው ሁሉ ግን ይታመናል። ሁመድ እንዲህ አለ ከተባለ የእርሻው ሰዎችም፣ የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃም፣ ከብት ነጋዴዎቹም ያን ይዘው ይነሳሉ። ምክንያቱን ቀስ እያልኩ ነው የተረዳሁት። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ሰላም ብለው አይላለፉም። ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናቡ የት ወረደ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። ይህን ዳጉ ይሉታል። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ብለህ ለይተህ ትናገራለህ፤ የተቀበለው ደግሞ ቀጥሎ ለሚያገኘው ያደርሳል። በዚያ መንገድ ወሬው ከአዋሽ ተነስቶ ከባቡሩ እኩል ይሄድ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሁመድን፣ ሰው ቢዋሽስ አልኩት። «አይዋሽም» አለኝ። እሺ፣ ግን ቢዋሽ ብዬ ደገምኩ። «ዮሴፍ፣ አይዋሽም አልኩህ እኮ» አለና ቀድሞኝ ሄደ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ጠዋት ከጥጡ ማሳ ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር አራት ግመል ጠባቂዎች አገኘን። እኔ ከሚስተር ጋር ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አወጣሁ። እንበልና የአንድ ሰው ግመል ጥጥ ማሳ ገባች፤ ዘበኛው ተኩሶ ገደላት፤ ባለቤቱ ተናዶ ዘበኛውን በዱላ ራሱን ፈነከተው። ማን ዘንድ ይካሰሳሉ? ሁመድ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ። ሰዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ግመሏ ምን ዓይነት እንደሆነች ጠየቀ። እኔ በደስታ ልሞት። ተጠያቂ ዝርዝር ሲጠይቅ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው ብሎ ሚስተር አስተምሮኛል። ነጭ ናት አልኩ። እርጉዝ ናት ወይ አሉ፤ አዎ፣ ልትወልድ ጥቂት ቀርቷታል አልኩ። ጆሮዋስ? የግራው ጫፉ ተቆርጧል አልኩ። የማን ናት? ወደ ገዋኔ ያለ ሰው፣ አሊ የሚባል። ዘበኛውስ? እኔ በዘመኔ የማውቀው ዘበኛ አንድ ይማም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን፣ ወሎዬ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው አልኩ። መጨረሻ ላይ ሁመድ ራሱ ወደ እኔ ዞሮ «አየሃት?» አለኝ። አላየሁም፣ መምህሬ ነው የነገረኝ አልኩት። ሁመድ ያን ተረጎመ። ሰዎቹ መልስ ሳይሰጡኝ ተነስተው በአራት አቅጣጫ ሄዱ። እኔ ደብተሬ ላይ «ተጠያቂዎቹ ከፍተኛ ፍላጎት አሳይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ፤ ማሕሌት ያን ገጽ ስታነብ አልጋ ላይ ተንከባላ ሳቀች።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እትዬ ዘይነባ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ ፊቴ ቆመች። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። «ወንድሜ የት ነው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ አልኳት። «ይማም ትናንት ሥራውን ጥሎ አዋሽ አርባ ዘመድ ቤት ተደብቋል። ግመል ገደልክ ተብሎ። ግንባሩን አሳዩን እያሉ ነው አሉ፣ ደሙ ደርቆ እንደሆነ ሊያዩ። አንተ ነህ አሉ ያወራኸው። እውነት አንተ ነህ?» ነገሩ ያኔ ገባኝ። እዚያው ውሃው ከአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ቁጭ አልኩ።

የባሰው ከጣቢያው ጀርባ ነበር። አሥራ ሰባት ሰዎች ከገዋኔ ድረስ በእግራቸው መጥተው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሊጣሉ አልመጡም። ነገሩ ወደ ደም ሳይደርስ ሊያስታርቁ ነው የመጡት፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። የመሯቸው ሎኢታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚቀመጡ። በገዋኔ ዙሪያ አሊ የተባለ ሁሉ ግመሎቹን ሲቆጥር እንደሰነበተ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ለካስ አሊ የሚባለው ሰው ብዛቱ። ሁሉም ቆጥረው አልጎደለብንም ብለው፣ እንግዲያው የሌላ ጎሣ አሊ ነው ተብሎ ወሬው እስከ አፋምቦ ተልኮ ነበር።

ሁመድ መጣ። እውነቱን ነገርኩት። ግመሏ የለችም፣ አሊም የለም፣ ለትምህርት ብዬ ነው አልኩት። አልተቆጣም። መሬቱን እያየ «እኔ አደረስኩት እኮ» አለ። ሃሳቡ ገባኝ። ውሸት ያደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙት አይቀመጡለትም። ሰላም ይሉታል፣ ያልፋሉ። አርባ ዓመት የታመነ አፍ በእኔ የአንድ ጠዋት ጨዋታ ሊዘጋ ነው። ለእኔም ሸለቆው ሁሉ ዝም ካለኝ ጽሑፉ የለም፤ ጽሑፉ ከሌለ ሁለቱም ዲግሪ የለም። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ያስጨነቀኝ የሁመድ ፊት ነበር።

ሃምሳ አለቃው ደግ ሰው ነው፤ አስጠርቶኝ፣ «በመንግሥት ሕግ ያጠፋኸው ነገር የለም። የነገውን ባቡር ያዝና ሂድ። እኔ አረጋጋቸዋለሁ» አለኝ። ልቤ ለአፍታ ባቡሩ ላይ ተሳፍሮ ነበር፤ አልዋሽም። ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገና «ዩሱፍ፣ መሄዱን ትሄዳለህ። እኔ ግን ነገም እዚህ ነኝ፤ ይማምም እዚህ ነው፤ ሁመድም እዚህ ነው» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የባቡር ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው። ሃምሳ አለቃውን አመሰገንኩና ወደ ዛፉ ሄድኩ።

ፍርዱ በማግስቱ ከጠዋት ተጀመረ። ሁመድ ባለጉዳይ ስለሆነ ትርጉሙ በጋሽ ሰይድ ላይ ወደቀ፤ ሃያ ዓመት አዋሽ ኖሮ አፋርኛውን ይችለዋል። መጀመሪያ የመሐላ ነገር ተነሳ። ይህ ክርስቲያን ነው፣ በምን ይማል ተባለ። ክርክሩ ሞቀ። በሻንጣዬ ካመጣኋቸው ጥያቄዎች ሰባተኛው ራሱ ይኸው ነበር፤ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች ሲካሰሱ በማን መሐላ ይማላል የሚል። ሎኢታ «እያንዳንዱ የሚፈራውን ያምጣ» አሉ፤ ነገሩ አለቀ። እኔ ዳዊቴን አመጣሁ፣ ሁመድ በቁርዓን ማለ። ሁለታችንም ተራ በተራ ስንምል እትዬ ዘይነባ ከሩቅ ቆማ ታይ ነበር።

ሎኢታ ጠየቁኝ። «ሁመድ አየህ ወይ ብሎ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«አላየሁም፣ መምህሬ ነገረኝ አልኩት።»

«መምህርህ ነግሮሃል?»

«ነግሮኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንግዲህ ሁመድ የሰማውን አድርሷል፣ እኔም የተነገረኝን ተናግሬአለሁ፤ ውሸታሙ መምህሩ ነው ማለት ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ሚስተር ከአዲስ አበባ ይጠራልን አሉ። ያ ረጅም ፈረንጅ ከዛፉ ሥር እግሩን አጣጥፎ፣ ግመሏን እያስረዳ ታየኝና በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ጋሽ ሰይድ በክርኑ ጎሸመኝ። ሎኢታ ግን አልቸኮሉም። «መምህርህ ሲነግርህ ግመሏ ያለች መስሎህ ነበር?» አሉኝ። አልመሰለኝም፣ እንደሌለች አውቅ ነበር አልኩ። «እነሱስ እንደሌለች ያውቁ ነበር?» መጀመሪያ ላይ እንበልና ብዬ ነበር አልኩ። «ብለሃል። ሁመድም ብሏል። ኋላ ጆሮዋን ሲጠይቁህ ምን አልክ?» የግራው ተቆርጧል አልኩ። ሎኢታ ዱላቸውን አነሱና መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እዚያ ላይ ነው የወለድካት» አሉ።

አዲስ አበባ ሁለት ኮሌጅ ተምሬ እንዲህ አጥርቶ ጥፋቴን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፍርዱም እንዲያው ጥርት ያለ ነበር። ለይማም አንድ ፍየል ይታረድ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ እሱ ይብላ። ወሬው ያደረበት ቦታ ሁሉ እኔና ሁመድ በእግራችን እንሂድ፣ እንቀመጥ፣ በራሴ አፍ የለችም ልበል። ሁሉም ከተቀበሉን የሁመድ ቃል እንደነበረ ነው። አንድ ቦታ እንኳ አልቀበልም ካለ ግን የሁመድ ቃል አበቃ። መጨረሻው ገዋኔ ነው፤ ወደ አፋምቦ የሄደውን ገዋኔ ራሷ ትመልሰዋለች።

ይማም ከአዋሽ አርባ በባቡር ተመለሰ። ፍየሉን ሲበላ እያየኝ፣ «ለካስ ጀግና ሆኜ ነበር፤ ግመሏ ትንሽ ብትቆይልኝ ምን ነበረበት» አለኝ። እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ሙፎ የሚሉትን ዳቦ ጋግራ፣ ቴምር ጨምራ፣ የጎማ በረባሶ ገዝታ ሰጠችኝ። ጫማህ ሁለት ቀን አይቆይም አለች፤ አንድ ቀን ነው የቆየው።

ያ ጉዞ በሕይወቴ ከሄድኩት ሁሉ ደስ ያለኝ ነው ብል ማሕሌት አታምነኝም። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ጠዋት ጠዋት ወንዙን በግራችን እያደረግን እንሄዳለን፤ ፀሐይዋ ስትከር ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። የግመል ወተት መጀመሪያ ቀን ጨነቀኝ፣ በሦስተኛው ቀን እኔው ጠየቅኩ። ነጩ ሽርጤ ቡናማ ሆነ። ሁመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ብሎ ነበር የሚሄድ፤ በአራተኛው ቀን ሲያንጎራጉር ሰማሁት፤ ምን ይላል አልኩት፣ «ዝናብ ወዴት ነህ ይላል፤ አንተን አይመለከትም» አለኝ። በጣም ሳቅን።

የገረመኝን ልንገራችሁ። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ወሬ ሲሄድ እንደሚያብጥ ነው የማውቀው። አንዷ ግመል አሥር ሆና፣ ዘበኛው ሞቶ፣ እኔም ሰላይ ሆኜ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር። የትም ቦታ ስንቀመጥ መጀመሪያ እነሱ የሰማነው ይህ ነው ብለው ይነግሩናል። ነጭ፣ እርጉዝ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ዘበኛው ቀጭን፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ከመምህሩ ሰማሁ ብሎ ተናገረ። አንድ ቃል አልጨመሩም። በሦስተኛው መንደር፣ በአምስተኛው መንደር፣ ያው ነው። ያንኑ የእኔን ፈጠራ እንደ አደራ ጠብቀው አስረከቡኝ። ከዚያ እኔ ጋሽ ሰይድ ባስጠናኝ አፋርኛ «የለችም። አላየሁም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ሁመድ የሰማውን ነው ያደረሰ» እላለሁ። ፊቴን ትክ ብለው ያያሉ። ከዚያ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ወተቱ ይመጣል። ከአምስተኛው ቦታ በኋላ የመመለሻው ወሬ ራሱ ቀድሞን ይደርስ ነበር። እኛ ስንደርስ እንደሌለች ያውቃሉ። ግን ቁጭ ብለው ከራሴ አፍ እስኪሰሙ አይለቁንም።

በሰመራ ቆይታዬ ማሕሌት ድምፅ መቅጃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሽማግሌ ስታነጋግር አየኋት። ጥሩ ትጠይቃለች። ደብተር ስለሌላት ግን ቀና ብላ ሰውን ታያለች፤ ይህን እኔ በዘጠኝ ቀን መንገድ ነው የተማርኩት።

ገዋኔ የደረስነው አሊዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ ነው። ፈርቼ ነበር። የትም ቦታ የሰው ጊዜ ነው የወሰድኩት፤ እዚህ ግን ሰዎች ግመላቸውን ፍለጋ በፀሐይ ተቃጥለዋል። አንደኛው አሊ፣ ጠና ያለ ሰው፣ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። ሎኢታ በመሀል ናቸው፤ የፈረዱት እሳቸው፣ አሁን ደግሞ የመጨረሻው ሰሚ እሳቸው። የምናገረውን ቀድመው ያውቁታል፤ ግን አዲስ እንደሚሰማ ሰው ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብለው አማርኛ በሚያውቅ አንድ ከብት ነጋዴ በኩል ከመጀመሪያው ጠየቁኝ። መለስኩ። ግመሏ የለችም አልኩ። አሊ የለም፣ ማለቴ እናንተ አላችሁ፣ እኔ ያልኩት አሊ ግን የለም አልኩ። ይቅር በሉኝ አልኩ። ሁመድን በአንድ ቃል እንኳ እንዳትነኩት አልኩ።

ጠናው አሊ ተነሳ። መጥቶ ከሁመድ ፊት ለፊት ቁጭ አለና «ሁመድ፣ ከአዋሽ ስትመጣ መንገድ ላይ ሣሩ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዳጉ ጠየቀው። ሁመድ ተመቻችቶ ተቀመጠና መለሰለት። ሣሩን ነገረው፣ ውሃውን ነገረው፣ ማን እንደወለደች ነገረው። እኔ ጭንቅላቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ ነበር፤ አዩብኝ።

ሁመድ ሲጨርስ ሎኢታ ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡ። «እሺ» አሉ፤ «ግመሏ የለችም። ሁላችንም አውቀናል። አንተም ታውቃለህ።» ከዚያ ዙሪያውን አዩ፣ ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ አለ። «ብትኖር ኖሮስ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጄ አልደረሰም። አንዱ ወደ መንግሥት ዳኛ አለ፣ ሌላው ጠመንጃ የተተኮሰበት ጉዳይ ለሽማግሌ ነው አለ፣ ሦስተኛው ጽንሱ ለብቻው ካሣ አለው አለ። ጠናው አሊ ራሱ የሌለችዋ ግመል ባለቤት ነኝ ብሎ ክስ አቀረበ፤ ሁመድን ዘበኛ አደረጉት። ቃዲው ጋ የሚሄደው የትኛው፣ መድዓ ጋ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ ከቀትር እስከ ማታ ሲከራከሩ የእርሳሴ ጫፍ ሁለት ጊዜ አለቀ፤ በቢላዋ ቀርጸው ሰጡኝ። ሦስት ወር ለምኜ ያላገኘሁት ሁሉ በአንድ ከሰዓት መጣ። ስንነሳ ሎኢታ ደብተሬን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ይህን ሁሉ ጻፍ። ግን መጀመሪያ የለችም ብለህ ጻፍ፤ ኋላ ጆሮዋን መጨመር ትችላለህ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። አዲስ አበባ ተመልሼ ጽሑፉን ሳቀርብ ሚስተር ምዕራፎቼን በቀይ ሞላቸው፤ የኔታም በእርሳስ፤ ሁለቱ በምንም አይስማሙም ነበር። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ግን «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተነገረላት ግመል የለችም» ይላል፤ እሷን አንዳቸውም አልነኳትም፤ ከሥሯ ጎን ለጎን ፈረሙ።